ጠቋሚው 80 ሲል ቫናችሁ በስንት እየሄደች ነው?

ከደብረ ብርሃን እየተመለስን ነበር። ወንድሜ ጋቢና ውስጥ ስልኩን ሲነካካ ቆየና «ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ። ዳሽቦርዱን አየሁ። ጠቋሚው 80 ላይ ቆሟል። «ሰማንያ ነኝ እኮ» አልኩት። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ጂፒኤሱ 88 ይላል።

ስምንት ኪሎሜትር ትንሽ ትመስላለች። አይደለችም። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በ10 በመቶ አይደለም የሚጨምረው፣ በ21 በመቶ ነው፣ ምክንያቱም ጉልበቱ የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ ነው። ሰው ሞልቶ ጣሪያው ላይ ሻንጣ የደረደረ አሮጌ ቫን የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ነገሩን እስከ ሥሩ የተከታተልኩት፣ ለዚህ ነው የምጽፈውም።

ቫኗ ሚትሱቢሺ ኤል 300 ናት፣ ፎር ባይ ፎር። ጃፓኖች ዴሊካ ይሏታል። ባለ ፎር ባይ ፎር ዓይነቷ መጀመሪያ የወጣችው በፈረንጆቹ 1982 ነው። የእኔዋ ከዚያ በኋላ የተሠራች ብትሆንም የፍጥነት መለኪያዋ አሁንም በኬብል ነው የሚሠራው። ቀጥሎ የምለው በኬብል ለሚሠራ ለማንኛውም አሮጌ ቫንና ፒክአፕ ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ፍጥነት አይለካም። መንገዱን አያየውም። የሚያውቀው አንድ ኬብል በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሽከረከር ብቻ ነው፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ ፋብሪካው «ጎማው ይህን ያህል ነው» ብሎ ያሰበው ግምት ነው።

ከካምቢዮው ጀርባ ትራንስፈር አለ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው። ከእሱ ወደ ኋላ የሚወጣው ሻፍት ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ ተቀርጿል። ጠመዝማዛው ከአውራ ጣት የማትበልጥ ባለ ጥርስ ፕላስቲክ ያዞራል። ፕላስቲኳ ደግሞ እስከ ዳሽቦርዱ የሚሄደውን ኬብል ታዞራለች። በጃፓን ደረጃ ኬብሉ ለአንድ ኪሎሜትር 637 ጊዜ መዞር አለበት። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ኬብሉ ጌጁ ውስጥ ሲደርስ ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱን አንዲት ስስ የአሉሚኒየም ኩባያ ከብባዋለች፣ ሁለቱ ግን አይነካኩም። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም። ሆኖም አጠገቡ ማግኔት ሲሽከረከር ውስጡ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ያ ኤሌክትሪክ የራሱን የማግኔት ጉልበት ይፈጥርና ኩባያዋን ማግኔቱ ወደሚዞርበት ይጎትታታል። ኩባያዋ ዝም ብላ እንዳትዞር ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቅል ሞላ ወደ ኋላ ትይዛታለች። ጠቋሚው የተሰካው ኩባያዋ ላይ ነው። ማግኔቱ ሲፈጥን መጎተቱ ይበረታል፣ ሞላዋ ትለጠጣለች፣ ጠቋሚው ከፍ ይላል። ኦቶ ሹልትሰ የሚባል ሰው ይህን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ነው፣ እኛ ዛሬም በእሱ እየነዳን ነው። ሳስበው ይደንቀኛል።

አሁን ቁልፉ ነገር። እዚያው ጌጅ ውስጥ የኪሎሜትር ቆጣሪው አለ፣ ቁጥሮቹ የሚገላበጡት። እሱ ማግኔትም ሞላም የለውም። በጥርስ ብቻ ከኬብሉ ጋር ተቆልፏል። ኬብሉ 637 ጊዜ ሲዞር አንድ ኪሎሜትር ይቆጥራል፣ አለቀ። አያረጅም፣ አይደክምም፣ ወይ ይቆጥራል ወይ ይሰበራል።

ስለዚህ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ምስክር አለላችሁ ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ኬብል ነው፣ ግን ጠቋሚው በማግኔትና በሞላ ያልፋል፣ ቆጣሪው አያልፍም። ጥፋቱ ከኬብሉ በታች ከሆነ፣ ማለትም ጎማ ወይም የፕላስቲኳ ጥርስ ወይም ዲፈረንሻል (የሻፍቱን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ከሆነ፣ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ። ጥፋቱ ጌጁ ውስጥ ከሆነ ጠቋሚው ብቻ ይሳሳታል፣ ቆጣሪው ልክ ይሆናል። ለየብቻ ጠይቋቸው። ይህን ሳያደርግ ጌጅ የሚከፍት ባለሙያ እጁን ከመኪናችሁ ላይ ቢያነሳ ይሻላል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ጋራዥ ገንዘቤን ተቀብሎ ጠቋሚውን ነቅሎ መልሶ ሰካልኝ። ቆማ ሳለች ጠቋሚው ዜሮን አልፎ 5 ላይ ተቀመጠ፣ ስነዳ ደግሞ በ60 ልክ ሆኖ በሌላው ፍጥነት ሁሉ ተሳሳተ። ያንን ሌላ ሰው ነው ያስተካከለልኝ።

እንግዲህ ልኬቱ። ለጠቋሚው ስልክ ይበቃል። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሰማዩ ክፍት ከሆነና ፍጥነታችሁ ካልተለዋወጠ ከማንኛውም አሮጌ ጌጅ የተሻለ ትክክል ነው። ስታፋጥኑና ስትቀንሱ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር አንድ ፍጥነት ላይ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ቆዩ። ቁልቁለትና ዳገት ያሳስተዋል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አግድም ፍጥነትን ብቻ ቢያሳይ እንኳ በ10 በመቶ ዳገት ላይ ስህተቱ ግማሽ በመቶ ነው፣ ስለዚህ እሱ አያስጨንቃችሁ። ስልኩን የሚያነበው ግን ሌላ ሰው ይሁን። ሹፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

በ40፣ በ60፣ በ80 ያዙትና ጻፉት። አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ስህተቱ በሁሉም ፍጥነት ያው አምስት አምስት ኪሎሜትር ከሆነ ጠቋሚው ያለ ቦታው ነው የተሰካው። ከፍጥነቱ ጋር እያደገ የሚሄድ ከሆነ፣ ማለትም በመቶኛ ሲሰላ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት አለው። የእኔ ጠቋሚ 40 ሲል 44፣ 60 ሲል 66፣ 80 ሲል 88 ነበር። በሁሉም 10 በመቶ።

ስልክ ከሌለ ሰዓት ይበቃል። የኪሎሜትር ምልክት ባለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጠቋሚውን 80 ላይ ይዛችሁ አንድ ኪሎሜትር በስንት ሰከንድ እንዳለቀ ቁጠሩ፣ 3600ን በዚያ ሰከንድ አካፍሉ። 45 ሰከንድ ከሆነ በትክክል 80 ናችሁ። 41 ከሆነ 88 ገደማ ናችሁ። በሁለት ሦስት ኪሎሜትር ደጋግሙት፣ አንድ ሰከንድ መሳሳት ቀላል ነው።

ለቆጣሪው ረጅም ርቀት ያስፈልጋል፣ 20 ኪሎሜትር ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከከተማ ከተማ ያለውን ርቀት ይዞ ነው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ነው ይባላል፣ ግን ከየት ተነስቶ? ከፒያሳ ነው ከለገጣፎ? የት ሲደርስ? እንዲህ ያለ ቁጥር ለወሬ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። የመንገዱን የኪሎሜትር ምልክት ተጠቀሙ፣ ወይም ስልኩ የሄዳችሁበትን ርቀት ይመዝግብላችሁ። የእኔ ቆጣሪ 20 ኪሎሜትር ስሄድ 19.2 ብቻ ቆጠረ። 20ን ለ19.2 ስናካፍል 4.2 በመቶ ስህተት ነው።

ልብ በሉ። ጠቋሚው 10 በመቶ ይሳሳታል፣ ቆጣሪው 4.2 በመቶ። እኩል አይደሉም። ስለዚህ ጥፋቱ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው የተደራረበው። ወደ 4 በመቶ የሚጠጋው ከታች ነው፣ የቀረው 5 ወይም 6 በመቶ ጌጁ ውስጥ ነው።

ከታች ያለው በቀላሉ ተገኘ። ጎማ ነው። መጽሐፏ ላይ የተጻፈው 215/75 R15 ነው፣ የተገጠመው ግን 235/75 R15። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከፍ እንድትልለት ቀይሮት ይሆናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 215 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 75 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ስለዚህ የ215 ጎኑ 161 ሚሊሜትር ነው፣ ሁለት ጎን 322፣ ቸርኬው 381፣ ሲደመር 703። የ235 ሲሰላ 733 ይመጣል። 733 ለ703፣ 4.3 በመቶ። ቆጣሪው ከነገረኝ ጋር ገጠመ። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አለ።

ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ኬብሉ ግን የሚያውቀው ዙሩን ነው፣ ስለዚህ ጌጁ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ይህ አደገኛው አቅጣጫ ነው። ፋብሪካዎች ሆን ብለው ጠቋሚውን ወደ ላይ ያጋድሉታል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያሳይ ይከለክላል፣ ወደ ላይ ግን 10 በመቶና ተጨማሪ 4 ኪሎሜትር ይፈቅዳል። በእውነት 80 ስትሄዱ 92 ቢል ሕጋዊ ነው። «ጌጅ ሁልጊዜ አጋኖ ነው የሚናገረው» የሚለው አባባል ከዚህ የመጣ ነው፣ እውነትም ነው፣ ግን ለፋብሪካ ጎማ ብቻ። ጎማውን አስረዝማችሁ በዚያ አባባል መተማመን አይቻልም። ብዙ ሰው የሚወደውን 31 ኢንች ጎማ ብትገጥሙ ልዩነቱ 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ጠቋሚው 80 ሲል 89 ተኩል ናችሁ።

ያለቀ ጎማ ተቃራኒ ነው። ከአዲስ 8 ሚሊሜትር ጥርስ እስከ 1.6 ሲያልቅ ዲያሜትሩ 13 ሚሊሜትር ያህል ይቀንሳል፣ በእኛ ጎማ 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ልኬቱን የምታደርጉበት ጎማ አዲስ ይሁን ያረጀ ጻፉት። የአየር መጠን በራዲያል ጎማ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፣ ግን ከመለካታችሁ በፊት ጎሚስታ ጋር ጎራ ብላችሁ አስተካክሉት።

ስሌቱን ማመን ካልፈለጋችሁ በኖራ ለኩ። እኔ ለክቼዋለሁ። ሜዳ ቦታ፣ መኪናዋ እንደወትሮው ተጭና፣ የኋላ ጎማው መሬት የነካበት ላይ ጎማውንም መሬቱንም በኖራ ምልክት አደረግን። ወንድሜና ጎረቤታችን ገፉ። አሥር ዙር። ሜትር ስንዘረጋ 22.4 ሜትር ሆነ። በወረቀት ስሌት 23 መሆን ነበረበት፣ ግን ጎማ ከክብደት በታች ስለሚጨፈለቅ ሁልጊዜ ትንሽ ያንሳል፣ 3 በመቶ ያህል። ያኔውኑ ኬብሉን ከጌጁ ነቅዬ ጫፉ ላይ ቁራጭ ፕላስተር እንደ ባንዲራ ለጥፌ ነበርና ዙሩን ቆጠርኩ። በ22.4 ሜትር ኬብሉ 14.3 ጊዜ መዞር ነበረበት፣ 637 ሲባዛ በ0.0224 ማለት ነው። የዞረው 13 ዙርና ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ሦስተኛ ምስክር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ለፎር ባይ ፎር ባለቤቶች። አራቱም ጎማ አንድ መጠን ይሁን። ስለ ጌጁ ብቻ አይደለም። የፊትና የኋላው ጎማ የተለያየ ከሆነ ፎር ዊል ስታስገቡ ሁለቱ ሻፍቶች እየተጎታተቱ ትራንስፈሩን ይበሉታል። ልኬቱንም በደረቅ አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ አድርጉ። ዲፈረንሻል ተቀይሮ ከሆነም ያው ስህተት ይመጣል፣ ስለዚህ መኪናዋን ስትገዙ ኮሮና ፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ዋና ጥርሶች) ወይም ካምቢዮው ከሌላ መኪና የመጣ እንደሆነ ጠይቁ።

ማስተካከያው ያቺ ፕላስቲክ ናት። ከትራንስፈሩ ኬብሉ የሚገባበትን ቦታ አንድ ቡሎን ፈትቶ መካኒኩ ሳባት፣ ጥቁር ዘይት እየተንጠባጠበ ወጣች። በጨርቅ ጠርገን አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገን ቆጠርን። 26። ደግመን ቆጠርን፣ 26። ጌጁ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ኬብሉ እንዲፈጥን እንፈልጋለን፣ ለመፍጠን ደግሞ ጥርሱ ማነስ አለበት። 26ን ለ1.042 ስናካፍል 24.95። ስለዚህ ባለ 25 ጥርስ። አንድ ጥርስ ብቻ መቀነስ 4 በመቶ ያስተካክላል። ፕላስቲኳን አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ቦታ ብዙ ከፈለግን በኋላ አገኘናት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ ጥርሱ ሲቀየር የፕላስቲኳ ዲያሜትርም ይቀየራል፣ ስለዚህ በአንዳንድ መኪና ላይ መያዣዋ ከመሐል ወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ለጥርሱ ቁጥር በተጻፈው ምልክት ልክ አዙራችሁ ካልገጠማችሁት ወይ አትነካካም ወይ ጥርሷን ትበላለች። በዚያው የዘይት ሲሏንም (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) ቀይሩት። ርካሽ ነው። ሲሉ ካፈሰሰ ዘይቱ በኬብሉ ውስጥ እየተጎተተ ጌጁ ድረስ ይወጣል፣ ማግኔቱና ኩባያዋ መሐል ከገባ ጠቋሚው ከፍ ብሎ ይቀራል ወይም ይጣበቃል።

ኬብሉንም አየነው። የእናንተ ጠቋሚ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚዘል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጌጁ ንጹሕ ነው፣ ኬብሉ ነው የደረቀው ወይም ያለ አግባብ የታጠፈው። ውስጡን ሽቦ ሳቡትና ጠረጴዛ ላይ በጣታችሁ አንከባሉት። እኩል ከተንከባለለ ደህና ነው። እየዘለለ ከሄደ ታጥፏል፣ መተካት አለበት። ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ከታች እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ቀቡ። የላይኛውን ጫፍ ደረቅ ተዉት፣ ካልሆነ ግሪሱ ወደ ጌጁ ይወጣል።

ባለ 25ቱን ገጥመን ያንኑ 20 ኪሎሜትር ስሄድ ቆጣሪው ከ19.9 አለፍ አለ፣ 20 ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እሱ ተፈወሰ። ጠቋሚው ግን በእውነት 88 ስሄድ 83 ነበር የሚለው። የቀረው ጌጁ ነው፣ አሁን መክፈት ይቻላል።

ከዕድሜ ብዛት ማግኔቱ ሲደክም ጠቋሚው ዝቅ ያሳያል፣ ሞላዋ ስትደክም ደግሞ ከፍ። የእኔ ዝቅ ስለሚያሳይ ማግኔቱን ጠረጠርኩ። ጠቋሚውን ነቅሎ መልሶ መሰካት እዚህ አይረዳም፣ ያ ሁሉንም ፍጥነት በእኩል ቁጥር ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ የእኔ ስህተት ግን ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ነው። ሞላዋን መነካካትም ለባለሙያ ነው። እኔ ከዚያው ሞዴል የወጣ ሌላ ጌጅ ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት መብሻ ማሽን ይዞ ከሚሠራ ሰው ጋር ሞከርነው፦ ቁራጭ ኬብል በማሽኑ አስይዞ በደቂቃ 637 ዙር ሲያዞረው ጌጁ 60 ማለት አለበት፣ ምክንያቱም 60 ማለት በደቂቃ አንድ ኪሎሜትር ነው። 61 ተኩል ላይ ቆመ። ወደ ላይ ትንሽ ማጋደሉን ወደድኩት። የማዞሪያ አቅጣጫውን መጀመሪያ በጣታችሁ ፈትሹ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚዞር አለ።

ጌጅ ስትቀይሩ ቆጣሪው የሌላ መኪና ቁጥር ይዞ ይመጣል። አሮጌው ጌጅ ስንት ላይ እንደቆመ፣ አዲሱ ከስንት እንደጀመረ ከነቀኑ ጽፋችሁ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ፣ መኪናዋን ስትሸጡም ለገዢው ስጡት። የእኔን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ያ ትልቅ ጎማ ከባለ 26 ጥርሷ ፕላስቲክ ጋር እያለ ቆጣሪው 100 ሲል 104 ነበር የምሄደው። «ይህች መኪና ናፍጣ ትጠጣለች» እያልኩ ሞተሯን ስወቅስ ኖሬ፣ ከወቀሳው 4 በመቶ የቆጣሪው ነበር። ዘይት የምቀይርበትም ርቀት ሳላውቀው ረዝሞ ነበር።

ዘመን ያለፈባቸው ሆነው በሚዞር ኬብል ፈንታ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያላቸው ቫኖችም አሉ። ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ በአንድ ዙር አራት የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፣ በኪሎሜትር 2548 ምት ማለት ነው። እዚያ ጥርስ ከመቁጠር ይልቅ ምቱን የሚያበዛ ወይም የሚቀንስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን መሐል ላይ ይገባል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። ኬብል ላላቸውና ባለ ትክክለኛ ጥርሷን ፕላስቲክ ላጡም ኬብሉ መሐል የሚገባ ትንሽ የጥርስ ሳጥን አለ።

አሁን ስልኩ 40 ሲል ጠቋሚው 41፣ 60 ሲል 61 ተኩል፣ 80 ሲል 82 ይላል። ሦስቱን ቁጥር ከጎማው መጠንና ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፌ ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ለጥፌዋለሁ። ጎማ የምቀይር ቀን በአዲስ ወረቀት ይተካል።